ወይና ደጋ ኖሮ ወደ ውርጭ መውጣት፦ ከጎንደር ወደ ላዳክ ለሚሄድ ቤተሰብ

ጥያቄው፦ «እኔ፣ ባለቤቴና የ63 ዓመት እናቴ ከጎንደር ተነሥተን ሕንድ ውስጥ ወዳለው ላዳክ ልንሄድ ነው። ጊዜው ነሐሴ 8 ገደማ ሲሆን ከመሄጃ እስከ መመለሻ 9 ቀን አለን። ዴልሂ አንድ ሌሊት አድረን በአውሮፕላን ሌህ ከተማ እንገባለን። በማግስቱ ካርዱንግ ላ የሚባለውን ተራራ አልፈን ኑብራ፣ ከዚያ ፓንጎንግ ሐይቅ፣ ከዚያ መመለስ ነው። እናቴ ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትወስዳለች። እኛ የደጋ ሰዎች ስለሆንን ከፍታው አያሳስበንም፤ በረሃ መሆኑን ግን ፈርተናል። ምን እናዘጋጅ?»

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ። መፍራት ያለባችሁ ከፍታውን ነው፤ በረሃው ብዙ አያስቸግራችሁም። እኛ ዘንድ በረሃ ሲባል መተማና ሁመራ ስለሚታወሱ ሙቀት ይታሰበናል። ላዳክ በረሃ የተባለው ግን ዝናብ ስለማያገኝ ነው። ከደቡብ የሚመጣውን የክረምት ደመና የሂማልያ ተራራ ስለሚያግድበት ሌህ በዓመት የሚደርሳት ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በነሐሴ ቀኑ ከ25 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ፀሐዩ ይለበልባል፣ ጥላው ያንቀጠቅጣል፣ አየሩ ከንፈርና አፍንጫ ያደርቃል። ይህ ሁሉ በቅባትና በልብስ ይመለሳል።

ከፍታው እንዲህ አይመለስም። ጎንደር ደጋ ናት ብላችኋል፤ በአያቶቻችን አከፋፈል ግን ጎንደር ወይና ደጋ ናት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,130 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደጋ የሚባለው ደባርቅ ነው፣ 2,850 ሜትር ገደማ። ሌህ 3,500 ሜትር ላይ ስለሆነች በእኛ አጠራር ውርጭ ውስጥ ትገባለች፤ በሰሜን ተራሮች ካሉት ማረፊያዎች ከሳንቃበር ከፍ ብላ ግጭን የምትቀርብ ማለት ነው። በባሕር ወለል ያለውን የአየር ግፊት 100 ብንለው ጎንደር ላይ 77፣ ሌህ ላይ 65፣ ፓንጎንግ ላይ 59 ገደማ ይሆናል፤ ካርዱንግ ላ ላይ ደግሞ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን የሚቀንሰውም በዚሁ ልክ ነው።

«ሰሜኖች ከፍታ አይነካቸውም» የሚለው ወሬ መነሻ አለው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምሮ፣ የደማቸው ሄሞግሎቢንም የኦክስጅን መጠናቸውም ባሕር ወለል ላይ ከሚኖር ሰው ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል። ያ ግን እዚያው ተወልደው ያደጉ ሰዎች ነገር ነው። ጎንደር ከተማ መኖራችሁ ከአሰብ ወይም ከድሬዳዋ ከሚነሣ ሰው የተሻለ መነሻ ይሰጣችኋል፤ ይህ እውነት ነው። ከዴልሂ 216 ሜትር ተነሥቶ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ሌህ ለሚያርፍ ሰውነት ግን ያ መነሻ ዋስትና አይሆነውም። ዴልሂ ላይ ብዙ መቆየትም ያላችሁን ስንቅ ያሟጥጣል፤ አንድ ሌሊት ይበቃል።

አሁን ወደ ዕቅዳችሁ ዋና ጉድለት እንምጣ። ሰሜን ተራራ ላይ ቧሂት ወጥቶ የታመመ ሰው መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ደባርቅ ያደርሱታል፣ ካስፈለገም ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ ቆላ ይገባል። ላዳክ ላይ እንዲህ የለም። ኑብራ ሸለቆ ራሱ 3,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከሌህ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ ወደ ሌህ ለመመለስ ግን 5,359 ሜትሩን ካርዱንግ ላን እንደገና መውጣት ግድ ነው። ፓንጎንግም እንደዚሁ፣ በመካከሉ 5,360 ሜትር የሚጠጋ ቻንግ ላ የሚባል የተራራ ማለፊያ አለ። ስለዚህ ኑብራ ወይም ፓንጎንግ የታመመ ሰው ለመውረድ መጀመሪያ መውጣት አለበት። ሌህ በገባችሁ ማግስት ካርዱንግ ላን ማለፍ የማይሆነውም ለዚህ ነው። የከፍታ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ዘግይቶ ስለሚመጣ ማለፊያው ላይ ደህና ሆኖ ፎቶ የተነሣ ሰው ኑብራ ገብቶ ሌሊት ላይ ሊወድቅ ይችላል።

እኔ የምመክረው አካሄድ ይህ ነው። ሌህ አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርሱ ከተማው ውስጥ አትደሩ። መኪናው በቀጥታ ኢንደስ ወንዝን ተከትሎ ወደ ምዕራብ ወደ አልቺ መንደር ይውሰዳችሁ። ከ65 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከፍታው 3,100 ሜትር ገደማ ነው። አራት መቶ ሜትር ዝቅ ብሎ ማደር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ትልቅ ልዩነት ያመጣል፤ ብዙ መንገደኛ ግን ሆቴል አስቀድሞ ሌህ ስለሚይዝ ይህን አያደርገውም። አልቺ ላይ ሁለት ሌሊት እደሩ። የመጀመሪያው ቀን የመኝታና የሻይ ቀን ይሁን፤ ሻንጣ አትሸከሙ፣ ደረጃ አትሩጡ፣ ሙቅ ገላ መታጠብም ይቆይ። በሁለተኛው ቀን የአልቺን ገዳም እዩ፤ የግድግዳ ሥዕሎቹ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ የቆዩ ናቸው፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን እያየ ላደገ ሰው ደግሞ ብዙ ያወያያሉ። ውስጥ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው። ከዚያ ሌህ ሁለት ሌሊት፤ ሼይና ቲክሲ ገዳማትን በመኪና ማየት ይበቃል። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ብቻ ወደ ኑብራ ተነሡ። ካርዱንግ ላ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በላይ አትቁሙ። ምልክት ሰሌዳዎች ከፍታውን 5,602 ሜትር ይሉታል፤ በትክክለኛ ልኬት ግን 5,359 ነው። ኑብራ ላይ ሁንደር አጠገብ አሸዋማ ኮረብታዎችና ባለ ሁለት ሻኛ ግመሎች አሉ፤ ሁለት ሌሊት ያስደስታል።

ከኑብራ በሻዮክ ወንዝ መንገድ በቀጥታ ፓንጎንግ ግቡ የሚል አስጎብኚ ይገጥማችኋል። ቀን ይቆጥባል፤ ግን 3,100 ላይ ያደረ ሰው በዚያው ቀን 4,250 ላይ ይተኛል ማለት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ሐኪሞች ይመክራሉ፤ ይህ ዝላይ ከዚያ እጥፍ በላይ ነው። በበጋቸው ደግሞ የበረዶው ውኃ ከሰዓት በኋላ ስለሚሞላ መንገዱ ይቆረጣል። ስለዚህ ወደ ሌህ ተመልሳችሁ አንድ ሌሊት አድራችሁ፣ በማግስቱ ወደ ታንግሴ መንደር ሂዱ (3,950 ሜትር ገደማ)፤ እዚያ አድራችሁ ሐይቁን በነጋታው ጠዋት አይታችሁ በዚያው ቀን ሌህ ተመለሱ። ሐይቁ ዳር ድንኳን ውስጥ ማደር የሚያስጎመጅ መሆኑን አውቃለሁ። ለእናትዎ ግን በፍጹም አልመክረውም፤ ለእናንተም ቢሆን ትርፉ ቅዝቃዜና እንቅልፍ ማጣት ነው።

ይህ ሁሉ ከጎንደር እስከ ጎንደር 14 ቀን ገደማ ይፈጃል። ያላችሁ 9 ቀን ብቻ ከሆነ ኑብራንም ፓንጎንግንም ተዉ፤ አልቺ 2፣ ሌህ 3 ሌሊት አድርጋችሁ ተመለሱ። የተቀነሰው ጉብኝት እንጂ ጤናችሁ አይሁን።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ነሐሴ 8 ፍልሰታ ውስጥ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ መዋል በደረቅ አየርና በ3,500 ሜትር ላይ ትልቅ ጫና ነው። ትንፋሽ ስለሚፈጥን ሰውነት በአፍና በአፍንጫ የሚያጣው ውኃ ይጨምራል፤ ራስ ምታቱ ከጥም ይሁን ከከፍታ መለየትም ያስቸግራል። እናትዎ ጾሙን የሚያጠብቁ ከሆነ ከመሄዳቸው በፊት የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ መንገደኛና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት እሳቸው ይነግሯቸዋል። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ጉዞውን ወደ መስከረም ማዛወር ነው። እንቁጣጣሽን ቤታችሁ አክብራችሁ መስከረም 2 ብትነሡ ለደመራ ትደርሳላችሁ። በመስከረም የላዳክ ሰማይ ጥርት ይላል፣ ጎብኚው ይቀንሳል፣ የወንዙ ሙላት ይጎድላል። ከረቡዕና ዓርብ በቀር ረጅም ጾም የለም። ኪሳራው ሌሊቱ መቀዝቀዙ ነው፤ ታንግሴ ላይ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ትኬት ስትቆርጡ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፤ መስከረም 1 እዚያ ሴፕቴምበር 11 ነው፣ ከጳጉሜን 6 በኋላ ግን 12 ይሆናል። ሰዓቱም እንዲሁ፦ ትኬቱ ላይ 06፡30 ካለ በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 12 ተኩል ነው፤ ሕንድ ደግሞ ከእኛ 2 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ትቀድማለች።

መድኃኒት። ለከፍታ ሕመም መከላከያ የሚሰጠው አሴታዞላማይድ ነው፣ በንግድ ስሙ ዲያሞክስ። ፋርማሲ ስትጠይቁ የዓይን ግፊት መድኃኒት ነው ቢሏችሁ አትደንግጡ፤ ያው ራሱ ነው። ክኒኑ አብዛኛውን ጊዜ 250 ሚሊ ግራም ስለሆነ ለመከላከል ግማሽ ክኒን ጠዋት፣ ግማሽ ማታ ይወሰዳል። ዴልሂ እያላችሁ ወደ ሌህ ከመብረራችሁ በፊት ባለው ቀን ጀምራችሁ፣ ሌህ ከተማ ላይ ሁለተኛውን ሌሊት እስክታድሩ ትቀጥላላችሁ፤ ይህ 5 ቀን ነው። ለታንግሴ ጉዞ 3 ቀን ጨምሩ። ድንገት ሕመም ቢመጣ ለሕክምና የሚሰጠው ሙሉ ክኒን በቀን ሁለት ጊዜ ስለሆነ መጠባበቂያ ያስፈልጋል፤ ለአንድ ሰው 15 ክኒን ይበቃል። ጣቶችን መንዘር፣ ሽንት ማብዛትና ለስላሳ መጠጥ ጣዕም የለሽ ሆኖ መሰማት የተለመዱ ናቸው፤ አያስፈሩም። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ግን ሐኪም ሳያይ እንዳይነካው።

የእናትዎ ጉዳይ ለብቻው ሐኪም ይፈልጋል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድም አሴታዞላማይድም ሽንት የሚያበዙ ናቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ፖታሲየምን ሊያጎድሉና ሰውነትን ሊያደርቁ ይችላሉ። ስለዚህ ከጉዞው ቢያንስ አንድ ወር ቀድመው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም በሚከታተሏቸው ሐኪም ዘንድ ፖታሲየምና የኩላሊት ምርመራ ያድርጉ፤ ካስፈለገ ሐኪሙ የግፊቱን መድኃኒት ይለውጠዋል። በራሳችሁ ውሳኔ የግፊቱን መድኃኒት እንዳታቋርጡ አደራ። ከፍታ ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግፊት ከፍ የማለት ጠባይ አለው፤ ክንድ ላይ የሚታሰር መለኪያ ይዛችሁ ጠዋትና ማታ ለኩ፣ ስንት ቁጥር ሲደርስ ምን እንደምታደርጉም ሐኪሙ በወረቀት ይጻፍላችሁ። ግፊቱ ካልተረጋጋ ወይም ደረት የሚወጋቸው ከሆነ ላዳክ ይቅርባቸው።

የጣት ኦክስጅን መለኪያ ብዙ ሰው ይገዛል። ሌህ ላይ በመጀመሪያው ቀን በመቶ ከ85 እስከ 90 ማንበቡ ብቻውን አያስደነግጥም፤ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሰውየው ሊታመምም ይችላል። ጣት ሲቀዘቅዝ ወይም ጥቁር ሂና ሲቀባ ይሳሳታል። በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ መሣሪያው ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ የማንበብ ዝንባሌ እንዳለው ስለታወቀ፣ ለእኛ ሰው ቁጥሩን አምኖ መዘናጋት ይበልጥ አደገኛ ነው። ሰውየውን እዩ።

ምን ታያላችሁ? ራስ ምታት ሲኖርና ከእሱ ጋር ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት፣ መዛል ወይም ማዞር ሲጨመር፣ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ የከፍታ ሕመም ነው በሉት። ባላችሁበት ዕረፉ፤ ከዚያ ከፍታ አንድ ሜትር አትጨምሩ። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ይወሰዳል (የግፊት መድኃኒት ለሚወስዱት እናትዎ ፓራሲታሞሉ ይሻላል)። በአንድ ቀን ካልተሻለ ወይም ከባሰ መውረድ ነው። ሁለቱ ገዳይ መልኮች ግን ዕረፍት አይጠብቁም። አንደኛው አንጎል ሲያብጥ ነው፤ ሰውየው እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፣ ነገር ይምታታበታል። መሬት ላይ ቀጥ ያለ መስመር አድርጋችሁ ተረከዙን ከጣቱ ጫፍ እያገናኘ 10 እርምጃ ይሂድ፤ ካልቻለ ጥርጣሬ የለም። ሁለተኛው ሳንባ ውኃ ሲቋጥር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው ሌሊት ጀምሮ ይመጣል፤ ተቀምጦ ሳለ ያለከልካል፣ ይሳላል፣ ሲብስ ሮዝ ቀለም ያለው አረፋ ይተፋል። ኦክስጅንና መውረድ ነው መድኃኒቱ። ሌህ ላይ ያለው የመንግሥት ሆስፒታል፣ ሶናም ኖርቡ መታሰቢያ፣ ይህን ሕመም በየቀኑ ያውቀዋል። ወደ ኑብራና ታንግሴ የሚወስዳችሁ መኪና የኦክስጅን ሲሊንደር ይኑረው፤ ከመነሣታችሁ በፊት ቧንቧው ተከፍቶ አየር ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ። በትንሽ ቆርቆሮ የሚሸጠው ኦክስጅን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ በእሱ አትተማመኑ። አልኮልና የእንቅልፍ ክኒን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽን ስለሚያዳክሙ ይቅሩ፤ ጠላም ቢሆን ጎንደር ይጠብቃችሁ።

ወረቀቱን ባጭሩ። ቪዛው በእጃችሁ ሳይገባ ትኬት አትቁረጡ። ሕንድ ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠይቃለች፤ ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፣ የሌለው ሰው ዴልሂ ላይ እስከ 6 ቀን ተለይቶ ሊቆይ ይችላል። ይህን እየረሱ ጉዞ የሚያበላሹ ስላሉ መጀመሪያ ይህን ጨርሱ። ለኑብራና ለፓንጎንግ የውጭ ዜጋ የተከለለ አካባቢ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ሌህ ላይ በተመዘገበ አስጎብኚ ድርጅት በኩል ይወጣል፣ ቢያንስ ሁለት ሰው መሆንንም ይጠይቃል። ሦስት ስለሆናችሁ እናትዎ ሌህ ቢቀሩም ሁለታችሁ ትበቃላችሁ። እሳቸውን ብቻቸውን መተው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የፓስፖርትና የቪዛ ፎቶ ኮፒ በየኬላው ስለሚሰጥ ለእያንዳንዱ ሰው 6 ቅጂ ያዙ። ዴልሂ የገዛችሁት ቅድመ ክፍያ ሲም ላዳክ ላይ አይሠራም፤ ሌህ ላይ የአካባቢውን ግዙ። የሳተላይት ስልክ ያለ ፈቃድ ሕንድ ማስገባት ያስከስሳል። ብር የሚመነዝር ስለማታገኙ ዶላር ይዛችሁ ዴልሂ ላይ መንዝሩ፤ ከሌህ ከወጣችሁ በኋላ በካርድ ገንዘብ እናወጣለን ብላችሁ አትተማመኑ።

ልብስ በመደራረብ ይሁን፦ ላብ የሚያደርቅ ውስጠኛ፣ ሹራብ፣ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ጓንት። ጋቢ ውሰዱ፤ ማታ ሻይ ሲጠጣና ሲተኛ የሚተካከለው የለም። ጥጥ ስለሆነና ላብ ስለሚይዝ ግን እየተጓዛችሁ አትልበሱት። የፀሐይ ቅባት ኤስፒኤፍ 50፣ የከንፈር ቫዝሊንና ጥቁር መነጽር ለሁላችሁም ያስፈልጋል፤ ጨረሩ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚገባው፤ ሌሊት ቅዝቃዜ ባትሪ ስለሚጨርስ ስልካችሁን ብርድ ልብስ ውስጥ አሳድሩ።

ከምግቡ ጋር ትስማማላችሁ። የላዳክ ሰው ገብስ ቆልቶ ፈጭቶ በሻይ አሽቶ ይበላል፤ በሶ ማለት ነው። ሻያቸው ግን ቅቤና ጨው ስላለው ለጾም ቀን አይሆንም፤ ምስሩንም በቅቤ ስለሚያቁላሉት ጠይቁ። ከፍታ ላይ የምግብ ፍላጎት ስለሚጠፋ ከቤት ሁለት ኪሎ በሶና አንድ ኪሎ ቆሎ ያዙ፤ በሶ በስኳር በጥብጦ መጠጣት ለማይበላ ሰው ይደርሳል። ሌህ ላይ ውኃ በ88 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም፤ ሽሮ ይዛችሁ ከሆነ ጊዜ ስጡት። በቀን ሦስት ሊትር ገደማ ጠጡ፤ ሽንት ነጣ ካለ በቂ ነው፣ ከዚያ በላይ በግድ መጠጣት ጨው ያሳጣል።

ወደ ሌህ የሚደረጉ በረራዎች በአብዛኛው የጠዋት ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል፣ የሞቀው ስስ አየርም አውሮፕላኑን በደንብ አያነሣም። አየሩ ከተበላሸ በረራው በቀጥታ ይሰረዛልና ከሌህ በተመለሳችሁበት ቀን ወደ አዲስ አበባ አትብረሩ፤ በመካከል አንድ ትርፍ ቀን ይኑር።

አንድ ነገር ጎንደር ሳላችሁ ተስማሙ። ወደ ካርዱንግ ላ በምትነሡበት ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሣ፣ ሦስታችሁም ሌሊቱን እንዴት እንዳደራችሁ በየተራ ተናገሩ። ራሱን ያመመው ወይም ቁርስ ያስጠላው አንድ ሰው እንኳ ካለ የዚያ ቀን ጉዞ ይሰረዛል፤ የተከፈለው የመኪና ገንዘብ ቢቀርም ይቅር። ይህን የመወሰን ሥልጣን ለአንዳችሁ፣ ምናልባት ለባለቤትዎ፣ አስቀድማችሁ ስጡ። እናትዎ ልጆቼን ላላስቀር ብለው ሕመማቸውን ሊደብቁ ስለሚችሉ፣ ተረከዝ ከጣት እያገናኙ 10 እርምጃ የመሄዱን ፍተሻ በዚያ ጠዋት ሳይጠየቁም ያድርጉት።